ጥቁር ጠርዝ ያለው ደብዳቤ

እኔ ፋና እባላለሁ። ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ዘ ስትሪፕ በሚባለው ጎዳና ላይ ካሉት ካዚኖዎች በአንዱ ካርታ ማከፋፈል ከጀመርኩ አስራ አራት ዓመት ሆነኝ። የስራዬ ግማሹ ካርታ ነው፤ ግማሹ የሰው ፊት። ጥሩ ካርታ የደረሰው ሰው ትንፋሹ ይለወጣል፤ ባዶ የሆነው ደግሞ ፈገግታ ያበዛል። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ሄራን አንድ ቅዳሜ ሮድስ ራንች ከሚባል ሰፈር ተመልሳ "ስራው ኖርማል ነው አንቲ፣ የድሮ ወረቀት ነው" ስትለኝ አላመንኳትም። የድሮ ወረቀት ጉንጭ አያቀላም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄራን እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት፣ የታሪክ ማስተርሷን የምትሠራ ልጅ ናት። አባቷ ተፈሪ ፋርማሲስት እንድትሆንለት ሲመኝ እሷ የሞቱ ሰዎች ደብዳቤ ማንበብ መረጠች። ሮድስ ራንች የሚኖሩ ሚስ ኢዲት የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት አሜሪካዊት ባልቴት ደግሞ አንድ ሳጥን ሙሉ ደብዳቤና የቀን ማስታወሻ አላቸው። የቅድመ አያታቸው የአቢጌል ነው። አቢጌል የዛሬ መቶ አርባ ዓመት ገደማ፣ ነብራስካ በሚባል ዛፍ የሌለበት ሜዳ ላይ፣ ከነሣሩ ተቆርጦ በተደረደረ አፈር በተሠራ ቤት ውስጥ ያደገች የገበሬ ልጅ ነበረች። ሄራን ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች ወረቀቱን ፎቶ ታነሳለች፣ ጽሑፉን በኮምፒውተር ትገለብጣለች።

ችግሩ፣ የዚህ አገር የዛሬ ልጆች ተቀጣጥሎ የሚጻፈውን የእጅ ጽሑፍ አያነቡም። ሄራን የመጀመሪያውን ገጽ ከፍታ አፍጥጣ ቀረች። "ይሄ ራሱ ኢንግሊሽ ነው?" አለች ለብቻዋ፣ በአማርኛ። ያኔ የሚስ ኢዲትን መድኃኒት ይዞ የገባ ልጅ ከትከሻዋ በላይ አየና፣ "'ነፋስ። ልብስ አጠብን። ላሚቱ ወለደች' ነው የሚለው" አላት። ዞር ብላ አየችው። እንግዲህ ጉንጭ መቅላት የጀመረው ያን ቀን ነው።

ስሙ ሊውል ነው። የሚስ ኢዲት ተንከባካቢ ነው፤ ምሳቸውን ይሠራል፣ ዊልቸራቸውን ይገፋል፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይሰጣል። አገር ቤት ደብረ ማርቆስ መዝገብ ቤት ይሠራ ስለነበር ያላነበበው የተንጋደደ ማመልከቻ የለም። በዲቪ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። በዚህ ሰፊ አሜሪካ አንድም ዘመድ የለውም። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

ከዚያ በኋላ እሱ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች። ሚስ ኢዲት ወረቀቱ ባለበት ክፍል ስልክ አይወዱም፤ ስልክ በሩ ላይ ካለው ቅርጫት ይገባል። እናም ሁለቱ መጻጻፍ ጀመሩ። እሱ ለእሷ የጻፈውን በአቢጌል ማስታወሻ ውስጥ፣ የዚያን ዕለት ቀን በያዘው ገጽ ላይ ያስቀምጥላታል፤ እሷም መልሷን እዚያው ትተውለታለች። ሄራን አማርኛ የምታነበው በጣቷ እየተከተለች ነው። ቃል ሲከብዳት ወደ እኔ ታመጣለች። በዚህ ምክንያት የፍቅር ደብዳቤያቸውን ከእነሱ እኩል አንብቤያለሁ፤ ወሬኛ አትበሉኝ፣ አስተርጓሚ ነኝ።

አንደኛው ደብዳቤ ዛሬም በቃሌ አለ። "ሄራን፣ ዛሬ አቢጌል 'ነፋስ' ብላ ሦስት ጊዜ ጽፋለች። አንቺ መስኮቱ አጠገብ ሆነሽ ፀጉርሽን ከፊትሽ ስትመልሺ የቱ መስመር ላይ እንደነበርኩ ጠፋኝ። ሁለት መስመር ዘልዬ ነው ያነበብኩልሽ። ይቅርታ፣ ቅዳሜ ስትመጪ እናስተካክለዋለን።" እኔ በሕይወቴ ሁለት መስመር የዘለለልኝ ወንድ አላጋጠመኝም።

ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ግን የጥቁሩን ደብዳቤ ታሪክ ነው። በአቢጌል ዘመን አንድ ልማድ ነበር፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚጽፈው ዙሪያውን ጥቁር ጠርዝ ባለው ወረቀት ነው። ፖስታውን ያየ ሰው ሳይከፍተው ሞት እንዳለ ያውቃል። አንድ ማክሰኞ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አቢጌል ቤት ደረሰ። አባትየው ወደ ምዕራብ የሄደው ልጃቸው የሞተ መሰላቸው። እናትየው አራስ ስለነበረች ሊከፍቱት አልደፈሩም። ከሰዓቱ ጀርባ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ማስታወሻዋ ቃል በቃል ይኸው፦

"ማክሰኞ። ነፋስ። ጥቁር ጠርዝ ያለው ደብዳቤ መጣ። አባባ አልከፈተውም።
ረቡዕ። ልብስ አጠብን። አልተከፈተም።
ሐሙስ። ቅቤ ናጥኩ። አባባ ምሳ አልበላም። አልተከፈተም።
ዓርብ። ተከፈተ። ማንም አልሞተም። ሳይለስ ሊያገባኝ ይፈልጋል። ዳቦ ጋገርኩ።"

ለካ ሳይለስ የሚባለው ጎረምሳ እናቱ በቅርብ ሞታበት ቤቱ የቀረው ወረቀት ያ ብቻ ኖሯል። ሱቅ ደግሞ በጋሪ የሁለት ቀን መንገድ ነው። መጠበቅ አልቻለም፤ የጋብቻ ጥያቄውን በለቅሶ ወረቀት ጻፈው። ሄራን ሆዷን ይዛ ስትስቅ ሊውል፣ "የእኛን አገር ሰው በወረቀት አታታልይውም። መርዶ እኛ ጋ በእግሩ ነው የሚመጣው፣ ጎህ ሲቀድ" አላት። ሚስ ኢዲት ምን እንዳለ ጠየቁት፤ ተርጉሞ ነገራቸው፤ እሳቸውም ሳቁ።

እንዲህ ሆነው ስምንት ወር ካለፈ በኋላ ተፈሪ ሰማ። ተፈሪ ክፉ ሰው አይደለም፤ ኩሩ ነው። ከምንም ተነስቶ ዛሬ የሊሞዚን ድርጅት አለው፣ ኢንስፒራዳ በሚባል ሰፈር ኮረብታ የሚያይ ቤት ሠርቷል። "ልጁ ማነው? የማን ልጅ ነው? ከኋላው ማን አለ?" አለ። "ሰው ያለው ሰው ሽማግሌ ይልካል። እስከዚያ ድረስ በዚህ ቤት ስሙ እንዳይነሳ!"

ሄራን ይህንን ሄዳ ለሊውል ነገረችው። እሱም፣ "ማንን ልላክ ሄራን? ጊዜ ስጪኝ" አላት። እሷ የሰማችው ሌላ ነው። የፈራ መሰላት። "እሺ ጊዜህን ውሰድ" አለችው። "ሽማግሌ እስክትልክ ግን ድምፅህን መስማት አልፈልግም። እንዳትደውል። ቴክስት እንዳታደርግ።" ስልኳን ከቅርጫቱ አንስታ ወጣች። ሴት ልጅ "እንዳትደውል" ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ መዝገብ ቤት አያስተምሩም። ሊውል እንደ መመሪያ ተቀበለው።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ሮድስ ራንች አልሄደችም። "አንድ ቴክስት እንኳን አላደረገም፣ አንቲ። ሲሪየስሊ፣ አንድ!" እያለች ስልኳን በየደቂቃው ቼክ ታደርጋለች። "አንቺ አትደውል አላልሽውም?" ስላት፣ "ሶ ዋት!" ብላ አለቀሰች። እኔም በእሷ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ።

በዚያው ሰሞን ደሴ ያለው ታላቅ ወንድማችን ማቲዎስ ታመመ። እኔንና እህቴን ብርቅታይትን አባታችን ሲሞት ያሳደገን እሱ ነው። ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ዓርብ ስንደውል ሐኪሞቹ "እናያለን" አሉን። ሐኪም "እናያለን" ካለ ደግሞ ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። እህቴ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ እነሱ ቤት አደርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ገና ከተራራው ብቅ እንዳለች የበሩ ደወል ጮኸ። ሄራን ላይ ቤት ሻወር ውስጥ ናት፣ ተፈሪ ጢሙን እየተላጨ ነው። ብርቅታይት በስልኳ የበሩን ካሜራ ከፈተች፤ እኔም በትከሻዋ አየሁ። ሁለት ሰዎች ጥቁር ኮት ለብሰው፣ እጃቸውን ፊት ለፊት አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። በመሃላቸው ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ ነጭ አሮጊት በዊልቸር ተቀምጠዋል። ማንም አያወራም። አንደኛውን ሰውዬ አወቅኳቸው። ሆቴል ቫሌት የሚሠሩት፣ የእንግዳ መኪና ተቀብለው የሚያቆሙት ጋሽ ወልደማርያም ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ለመርዶ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

እህቴ ወደ በሩ ሄደች። በሩን የከፈተችው እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

"እንደምን አደራችሁ" አሉ ጋሽ ወልደማርያም፣ ወለሉን እያዩ።

"ግቡ" አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም። "ተቀመጡ።"

"አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ወልደማርያም። "የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።"

እህቴ ጮኸች። "ወንድሜን! ወንድሜን! ጋሼ!" ብላ መሬት ላይ ወደቀች። እኔም ወንድሜ ነውና አብሬያት ወደቅኩ። የሌላውን ሰው ፊት አይቼ የምኖር ሴት የዚያን ሰዓት ማንንም አላየሁም። የታየኝ ማቲዎስ ብቻ ነው፤ የትምህርት ቤት ጫማዬን ሌት ሰፍቶ ጠዋት በር ላይ ሲያስቀምጥልኝ።

አሁን የሚሆነውን ልብ በሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ ነቢል የሚባል የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ልቡ የቅቤ ነው። እኛ ስንወድቅ ደነገጠና ለጋሽ ወልደማርያም፣ "እነዚህ ሰዎች እኮ ሐዘን ላይ ናቸው! ምን ዓይነት ቀን መጣን!" ብሎ ሹክ አላቸው። ከዚያም ወደ እኛ ጎንበስ ብሎ፣ እንባው እየወረደ፣ "አላህ ያጽናችሁ" አለ። ጋሽ ወልደማርያምም "እግዜር ያጽናችሁ፣ እግዜር ያጽናችሁ" እያሉ ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ለእኛ ነገሩ ያን ጊዜ ተረጋገጠ። እግዜር ያጽናችሁ ከተባለ በኋላ ምን ይቀራል?

ተፈሪ ግማሽ ፊቱ በአረፋ እንደተሸፈነ ከመታጠቢያ ቤት ወጣ። ቆሞ አየን። ከዚያ ወደ ጋሽ ወልደማርያም ሄዶ፣ "ንገሩኝ፣ እኔ እችለዋለሁ" አላቸው። "መቼ ነው ያረፈው?"

"እኛም ገና አሁን ነው የሰማነው" አሉ ጋሽ ወልደማርያም እያለቀሱ።

ተፈሪ አንገታቸውን አቅፎ ጮኾ አለቀሰ። አረፋው በጥቁር ኮታቸው ላይ ተለጠፈ።

በሩ ክፍት ነበር። ለቅሶው መንገድ ድረስ ይሰማል። ከመንገዱ ማዶ ቆማ የነበረች መኪና በሯ ሲከፈት ሰማሁ፤ ሰው ሲሮጥ ሰማሁ። ፎቶውን ብቻ የማውቀው ልጅ ዘሎ ሳሎኑ መሃል ቆመ። ሸሚዙ ነጭ ነው፣ ፊቱ ከሸሚዙ የባሰ ነጥቷል። ዓይኑ ወለሉን፣ ሶፋውን፣ እያንዳንዳችንን ይፈልጋል። የሚፈልጋትን አላገኘም።

"ሄራን ናት?" አለ። "እባካችሁ ንገሩኝ... ሄራን ናት?"

ማንም አልገባውም። ልጁ የሶፋውን ጠርዝ ይዞ ቀስ እያለ ወረደ። "ድምፅህን አልሰማም ብላኝ እሺ አልኩ" አለ ለራሱ። "እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሺ ብዬ ተቀመጥኩ!"

በዚህ ቅጽበት ሄራን ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ፎጣ በትከሻዋ፣ ደረጃው ላይ ታየች። "ማሚ! ዋት ሃፕንድ? ማነው የሞተው?"

ሊውል ቀና አለ። አያት።

እንግዲህ ፊት ማንበብ ስራዬ ነው ብያችኋለሁ። በጠረጴዛዬ ዙሪያ ሁሉን ያሸነፈ ሰው አይቻለሁ፣ ሁሉን የተነጠቀም አይቻለሁ። ከሞት የተመለሰ ሰው የሚያይ ሰው ግን አይቼ አላውቅም ነበር። አልተንቀሳቀሰም፣ ስሟን አልጠራም። ዝም ብሎ አያት፤ እንባው እየወረደ እንደሆነ አላወቀም። እሷም ደረጃው ላይ ቆማ አየችው። የሁለት ሳምንት ኩራቷ እዚያው ደረጃ ላይ ቀረ። ተፈሪም ያየውን አየ፤ አረፋው ፊቱ ላይ እየደረቀ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው።

"ማነው የሞተው?" አለች ሄራን እንደገና።

"ጋሼ ማቲዎስ" አለች እናቷ ከወለሉ።

"ማነው የነገረሽ?"

እህቴ ወደ ጋሽ ወልደማርያም ጠቆመች። ጋሽ ወልደማርያም ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "እኔ? እኔ ምን አውቄ? እናንተ ስታለቅሱ አጽናናን እንጂ!"

እርስ በርሳችን ተያየን። ሊውል ለሚስ ኢዲት በእንግሊዝኛ አስረዳቸው፤ ወንድም አለ፣ ታሟል፣ የሞተ መስሏቸዋል፣ ግን ማንም አልነገራቸውም። አሮጊቷ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ዙሪያችንን አዩ። "እና ስልክ ደውሎ የጠየቀ አለ?" አሉ።

ማንም አልደወለም። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከጩኸቱ በፊት ጀምሮ እዚያው ነበር። ለመንካት የደፈረ የለም።

"ለአራት ቀን ከሰዓቱ ጀርባ አታስቀምጡት" አሉ ሚስ ኢዲት። "ክፈቱት።"

ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረግሁ። ጠራ። ጠራ። አምስተኛው ላይ ተነሳ።

"ሄሎ" አለ ወንድሜ ማቲዎስ። "ምነው በዚህ ሰዓት? ሾርባ እየጠጣሁ ነው።"

ከሳሎናችን የወጣው ድምፅ ለቅሶ ይሁን ሳቅ እስካሁን አልለየሁትም። እህቴ ወለሉን እየደበደበች "ሾርባ! ሾርባ እየጠጣ ነው!" ትላለች። ነቢል "አልሐምዱሊላህ!" እያለ ዘለለ። እኔ ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፌ ሳምኩት፤ ካዚኖ ውስጥ ሲያሸንፉ እንደዚህ የሚያደርጉትን ሁልጊዜ እንቅ ነበር። ማቲዎስ ከስልኩ ውስጥ "ምን ሆናችሁ? አብዳችኋል?" እያለ ይጣራል። የሆነውን በሙሉ ነገርነው። "ስፌቴን ያመኛል፣ አታስቁኝ" እያለ ሳቀ።

ተፈሪ አረፋውን በእጁ ጠረገ። "እሺ" አለ። "ሰው ካልሞተ... እናንተ ለምን መጣችሁ?"

ጋሽ ወልደማርያም ከሶፋው ፈጥነው ተነሱ። "ይቅርታ፣ ሳንናገር ተቀምጠናል። ነቢል፣ ተነስ።" ነቢል ተነሳ። ሚስ ኢዲት ሊውልን ምን እየሆነ እንደሆነ ጠየቁት፤ ሽማግሌ እስኪሰማ ድረስ እንደማይቀመጥ ነገራቸው። አሮጊቷ የዊልቸሩን ክንድ ያዙ፤ ነቢል ክርናቸውን ደገፈ፤ እየተንቀጠቀጡ ተነስተው ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልሳቀም።

"አቶ ተፈሪ" አሉ ጋሽ ወልደማርያም። "እኔ ከሺፍት ነው የመጣሁት፣ ነቢል ወደ ሺፍቱ ነው የሚሄደው። ሁላችንም የምንገናኘው በዚህ ሰዓት ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው በጠዋት ደጅህን ያንኳኳነው። ጥቁር የለበስነውም የሆቴሉ ልብስ ስለሆነ ነው፤ እሳቸው ደግሞ የክብር ልብሳቸው እሱ ነው። ልጃችን ሊውል ልጅህን ሄራንን ለትዳር ይፈልጋል። ስጠን ብለን መጣን።"

"ልጃችን?" አለ ተፈሪ። "እናንተ ዘመዱ ናችሁ?"

ሊውል ቆመ። "ዘመድ የለኝም፣ ጋሼ" አለ። "ጋሽ ወልዴን ያወቅኋቸው አውቶቡስ ስንጠብቅ ነው። ነቢል መጀመሪያ የተከራየሁበት ቤት ጎረቤቴ ነው። ሦስተኛ ሽማግሌ አጣሁ። ሚስ ኢዲት 'በገበታዬ የሚበላ የእኔ ሰው ነው፣ እኔ እሄዳለሁ' አሉኝ። ከኋላዬ ያሉት እነዚህ ናቸው።"

"ሽማግሌ የላከ ልጅ ራሱ አብሮ ዘሎ አይገባም። ይህንንስ የነገረህ የለም?"

"ያውቃል፤ መኪና ውስጥ ነበር" አሉ ጋሽ ወልደማርያም።

"ለቅሶውን ስሰማ መቀመጥ አልቻልኩም" አለ ሊውል። "ስርዓቱን አጥፍቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደገና ብሰማ ግን እንደገና እገባለሁ።"

ተፈሪ ቃሉን ሲመዝነው አየሁ። ልቡ ቀልጧል፤ ኩራቱ ግን ገና ቆሟል። "ለሽማግሌ በአንድ ቀን መልስ አይሰጥም" አለ በመጨረሻ። "ሂዱና ተመለሱ። እናስብበታለን። ዘመድ የሌለው ሰው ነገር..."

"ተፈሪ!" አለ ስልኩ።

ሁላችንም ዘለልን። ማቲዎስን ረስተነው ኖሯል።

"እዚህ ነኝ" አለ ወንድሜ። "ካልሞትኩ አይቀር የመናገር ተራው የእኔ ነው። ተፈሪ፣ እኔ ቤት እህትህን ስጠኝ ብለህ ስትመጣ ስንት ዘመድ ነበረህ?"

ተፈሪ ስልኩን አየ።

"የአውቶቡስ ሹፌር ነበርክ። ሽማግሌ ብለህ የላክኸው ረዳትህን ነው። ብቻውን! ጃኬቱ ክንዱ ላይ ተቀዷል። አጎቶቼ ሊያባርሩት ተነሱ። እኔ ምን አልኩ?"

"'ይቀመጥ' አልክ" አለ ተፈሪ፣ በቀስታ።

"'ይቀመጥ' አልኩ። በቃ፤ ዛሬ ሞቷል ብላችሁ ካለቀሳችሁልኝ ኑዛዜዬን ስሙ። ያቺን አሮጊት አስቀምጣቸው፤ በዚህ ዕድሜያቸው አታቁማቸው።"

ተፈሪ ሄዶ ሚስ ኢዲትን ራሱ በክንዳቸው ይዞ ሶፋው ላይ አስቀመጣቸው። ወደ ጋሽ ወልደማርያም ዞረ። "ተቀመጡ" አላቸው። ወደ ሊውል ዞረ። "አንተም ተቀመጥ፣ ልጄ።"

ብርቅታይት እልል አለች። ከአንድ ሰዓት በፊት በዚያው ጉሮሮ ስትጮህ የነበረች ሴት ናት።

ሻይ ሲቀርብ ሚስ ኢዲት ከቦርሳቸው አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ የአቢጌል ማስታወሻ ነው። ለሄራን ሰጧት። "ለሁለት ሳምንት ሳትመጪ ቀረሽ" አሏት። "የተጻፈልሽ ውስጡ አለ። ደብዳቤ ከቦታው አላነሳም፣ ልማዳችን ነው።"

ሄራን ማስታወሻውን ይዛ እጄን ጎትታ ጓሮ ወጣን። ያለፈው ቅዳሜ ቀን ባለው ገጽ ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር። በጣቷ ጀመረችው፤ ሁለተኛው መስመር ላይ እንባዋ አላሳይ አላት። "አንቲ፣ አንብቢልኝ" አለች። አነበብኩላት።

"ሄራን፣ እንዳትደውል ስላልሽኝ አልደወልኩም። ደብዳቤ ግን አልከለከልሽኝም። ማንን ልላክ ያልኩሽ ፈርቼ አይደለም። የማይመጥንሽ ሽማግሌ ልኬ አባትሽ ቢስቁብሽ ብዬ ነው። አሁን አግኝቻለሁ። የሚቀጥለው ቅዳሜ በጠዋት ይመጣሉ፤ ሌላ ሰዓት ማገናኘት አልቻልኩም። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ለእናትሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ጋሽ ወልዴን በጠዋት ሲያዩ ሌላ ነገር እንዳይመስላቸው። አባትሽ እምቢ ካሉም ነይና ሳጥኑን እንጨርስ። አቢጌል ገና ብዙ ነፋስ ቀርቷታል፤ እኔ ደግሞ ሁሉንም ላነብልሽ እፈልጋለሁ። ቃሌ ነው።"

ወረቀቱን አጥፌ ሰጠኋት። ከውስጥ የተፈሪ ሳቅ ይሰማል፤ ስለ ረዳቱ ጃኬት እያወራ ነው። ሄራን ደብዳቤውን ፊቷ ላይ አድርጋ እየሳቀች አለቀሰች። ከዚያ የቦርሳዬን እስክሪብቶ ተበድራ ከደብዳቤው ጀርባ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ በተንጋደደ ፊደሏ ጻፈች። አራት መስመር ለመጻፍ ብዙ ቆየች። ስትጨርስ ማስታወሻው ገጽ ላይ መልሳ አስቀመጠችው፤ ውስጥ ገብታም ማስታወሻውን ለሊውል በእጁ ሰጠችው። እሱ ከፈተና አነበበ። ለሌሎቹ ሊያነብላቸው አፉን ከፈተ፤ አልቻለም። መዝገብ ቤት ሳለ ያላሸነፈው ጽሑፍ ያልነበረው ልጅ አራት መስመር ከበደው። እኔ ተቀብዬ አነበብኩ፤ አስተርጓሚ አይደለሁ?

"ቅዳሜ። ነፋስ የለም።
ጠዋት አለቀስን።
ማንም አልሞተም።
ሊውል ሊያገባኝ ይፈልጋል። እሺ አልኩት።"